ሁለት ሃይላንድ ውሃ

(ከዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ በኋላ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ውስጥ በቃል ያቀረብኩትን ነው የጻፍኩት። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ። ሰዎች ያቋረጡኝን ቦታ ግን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ከእኔ ንግግር ይልቅ እሱ ይጣፍጣል።)

እንደምን አረፈዳችሁ። የዕድራችን ዳኛ ግማሽ ሰዓት ሰጥተውኛል። ካሳለፍኩ እንደ ቀሪ እንደምቀጣ ስለነገሩኝ ቶሎ ልጀምር።

ነገሩ የተነሳው ድንኳን ውስጥ ነው። ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አንድ ጎረቤታችን ጎንደር ሠርግ ሄደው ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው እንደሰነበተ አጫወቱን። «የጎንደር ውሃ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ እዚያው ጎንደር፣ አዘዞ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ዝም ብዬ ላልፍ አልቻልኩም። እህቴ ከጎንደር ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር በሁለተኛው ቀን ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች። እሷም «የባሕር ዳር ውሃ ነው» ትላለች። ሠርጉ ላይ የተበላውን ጥሬ ሥጋ የጠረጠረ የለም፤ ሁልጊዜ የሚከሰሰው ውሃው ነው። እንግዲህ ከተከሰሰ አይቀር በምስክር እንፍረድ ብዬ ነው ዛሬ የመጣሁት።

ፊት ለፊታችሁ ሁለት ሃይላንድ አለ። አንዱን ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ቧንቧ ቀዳሁት። ሌላውን እህቴ ትናንት ጠዋት ከቤቷ ቧንቧ ቀድታ በሚኒባስ ሹፌር ላከችልኝ፤ መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስቲ በዓይን ለዩልኝ። (እጅ ተነሳ፤ ግማሹ ቀኙን፣ ግማሹ ግራውን የጎንደር ነው አለ።) አያችሁ፣ በዓይን አይለይም። በጣዕምም ብትሞክሩት ብዙ አያራምዳችሁም። እናቴ እንስራዋን በወይራ ታጥን ነበርና ለእኔ እስከ ዛሬ ጥሩ ውሃ ማለት ጭስ ጭስ የሚል ውሃ ነው። ያ ናፍቆት ነው፤ ስለ ውሃው ግን ምንም አይነግረንም።

ስለዚህ ይቺን ክኒን ይዤ መጥቻለሁ። ዲ.ፒ.ዲ. ትባላለች። ውሃ ውስጥ ክሎሪን ካለ ውሃውን ሮዝ ታደርገዋለች፤ ክሎሪኑ በበዛ ቁጥር ሮዙ ይደምቃል። የባሕር ዳሩ ላይ እነሆ… ፈዘዝ ያለ ሮዝ። የጎንደሩ ላይ… ምንም። (ከኋላ አንድ ወጣት አጨበጨበ፤ «አሸነፍን!» አለ።) ጭብጨባህን ያዝልኝ ወንድሜ፣ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ብዙ ሰው ባሕር ዳር ጣናን የሚጠጣ ይመስለዋል። እንግዳ ሁሉ «ይሄን የመሰለ ሐይቅ እያላችሁ እንዴት ውሃ ይጠፋባችኋል?» ይለናል። (እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰውን የዓባይን ልጅ ተረት አልጠቅስም፤ ደክሞኛል።) ጣና በስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ከራቀ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ከሥር ጭቃው ይማሰላል። በክረምት ደግሞ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ይዘው ይገቡበታል። ይህን ለቧንቧ ማብቃት ብዙ ማጣሪያ ይጠይቃል። በእኛ ቧንቧ የሚመጣው በዋናነት የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ የሚገኝ። ቤት ስትሠሩ ለመሠረት ስትቆፍሩ የሚገጥማችሁን ያንን ወንፊት የመሰለ ጥቁር ድንጋይ ታውቁታላችሁ። የእሳተ ገሞራ ባዛልት ነው። ዝናቡ በቀዳዳውና በስንጥቁ ሰርጎ ይገባል፣ እየተጣራ ይጓዛል፣ ነሐሴ ላይ እንኳ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከዚያ ክሎሪን ጨምሮ ወደ መስመር መልቀቅ ነው።

ጎንደር እንዲህ አልታደለችም። የቧንቧዋ ትልቁ ምንጭ የአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ የተቀመጠው ዳገታማና የተራቆተ መሬት ግርጌ ስለሆነ ክረምት ሲገባ የሚመጣው ውሃ ማኪያቶ ይመስላል። ደለሉም የግድቡን ሆድ ዓመት ከዓመት እየሞላው ኖሯል። ያንን ማኪያቶ እንዴት ነው ውሃ የሚያደርጉት? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ስለሆነ ደስ ይለኛል።

የሸክላ አፈር ብናኝ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ብትተወው ቀናት ቢያልፉም አይዘቅጥም። እያንዳንዱ ብናኝ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርሱ ይገፋፋል፣ መቀመጫ ያጣል። አሉሚኒየም ሰልፌት ሲጨመርበት ያ መገፋፋት ይጠፋል። ብናኙ እየተያያዘ እንደ ተባዘተ ጥጥ ይሆናል፣ ይከብዳል፣ ይዘቅጣል። ላይ የቀረው በአሸዋ ይጣራል፣ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ይገባበታል። የሽፈራው ፍሬም ተፈጭቶ ሲጨመር ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌቱ ካነሰ ውሃው አይጠራም፤ ከበዛ ደግሞ የውሃው አሲድነት ይጨምራል፣ ትርፉም አብሮ ወደ ቧንቧ ያልፋል። ስለዚህ ብርጭቆዎች ደርድረው የተለያየ መጠን እየጨመሩ ይሞክራሉ። ጠዋት ልክ የነበረው መጠን፣ እኩለ ቀን ላይ ከላይ ዝናብ ከጣለ፣ ልክነቱ ያበቃል። በሌሊት ፈረቃ ሐምሌ ላይ እዚያ ቆሞ የሚሠራ ባለሙያ ከእኔ የበለጠ ኬሚስት ነው ስል ማጋነኔ አይደለም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለጥራቱ መልክ ብቻ አይደለም። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጀርሙ ከብናኙ ጀርባ ይደበቃል፣ ክሎሪኑም አፈርና ቅጠላ ቅጠል ላይ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ድፍርስነቱ ቢቻል ከ1 ኤን.ቲ.ዩ. (የድፍርስነት መለኪያ ነው) በታች ይሁን የሚለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ የጎንደሩ አንገረብ ወደ መገጭ ይገባል፣ መገጭም ወደ ጣና። እህቴ ልብስ ያጠበችበት ውሃ ዞሮ ዞሮ እኛው ደጅ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ጎንደርን ስናማ በልክ ይሁን።

«ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ፣ ድንጋይ» ይባላል። ተረቱን ያወጡት ስለ ጅረት ድምፅ አስበው ይሆናል፤ ለኬሚስትሪ ግን ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። የዝናብ ውሃ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መሬት ውስጥ ከቆየ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይወስዳል። የእኛ የባዛልት አገር የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ዓይነቱ በአብዛኛው ይኸው ነው። ሻይ የምታፈሉበትን በራድ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩት፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ቅርፊት አለ። ሳሙና ቶሎ አረፋ አልሰጥ የሚላችሁም፣ ባቄላ አልበስል የሚላችሁም በዚሁ ነው። ጎረምሶቹ «ኩላሊት ይዘጋል» እያላችሁ የምታስፈራሩበትን እንኳ ተውት፤ ካልሲየሙ ምግብ ነው። ቅርፊቱን ሎሚ ጨምቃችሁ አፍሉበት፣ ይለቃል። ከመሬት ውስጥ ከሚወጣ ውሃ ጋር ሲነጻጸር የግድብ ውሃ ከድንጋይ ጋር የቆየው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ በጥቅሉ ቀለል ይላል። ግን ጎንደርም ከግድቡ ሌላ ጥልቅ ጉድጓዶች አሏት። አንዱ ሰፈር የሚደርሰው ከአንገረብ፣ ሌላው ከጉድጓድ፣ ሌላው ቅልቅሉ ሊሆን ይችላል። «የጎንደር ውሃ» የሚባል አንድ ውሃ የለም። «የባሕር ዳር ውሃ»ም እንደዚያው።

ድንጋይ ክፉ ነገርም ያናግራል። ከስምጥ ሸለቆ የመጡ ተማሪዎች አስተምሬ አውቃለሁ፤ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው ሳይፍቁ ቀርተው አይደለም። እዚያ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ እነሱ ጋ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ በብዙ ያልፋል። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም። የጣና ዙሪያ ሰው ከዚህ መከራ በአብዛኛው ድኗል፤ ለዚህ ግን ያደረግነው ነገር የለም፣ ድንጋዩን ማመስገን ነው።

የራሳችን መከራ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ውሃውም ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ነው። ከአንድ ግቢ የሽንት ቤት ጉድጓድ እስከ ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ስንት እርምጃ ነው? ክረምት ሽንት ቤቱ ሲሞላ የት ይሄዳል? ያ ወንፊት ድንጋይ ጥሩውንም መጥፎውንም ያሳልፋል። ቧንቧ ሲጠፋ ከግቢ ጉድጓድ የምትቀዱ፣ ውሃው ጠርቶ ቢታያችሁም ለመጠጥ አትመኑት። ከሽንት ቤት የሚመጣ ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም። ወሰኑ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፣ ከዚያ ካለፈ ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው፤ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ስለሚሄድ ጭራሽ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ጡጦ የምታዘጋጁ እናቶች ይህቺን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ማወዳደሩ ልመለስ። የቧንቧ ውሃን ቤት ለቤት አወዳድሮ ዓለምን የቀየረ ሰው አለ፤ ጆን ስኖው የሚባል የለንደን ሐኪም። በ1854 እ.ኤ.አ. ኮሌራ ከተማዋን ሲያምሳት አብዛኛው ሰው በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ይል ነበር። በደቡብ ለንደን ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቧንቧ ዘርግተው ነበር። ሳውዝዋርክ ኤንድ ቮክሶል የሚባለው ከተማዋ ፍሳሽ ከምትደፋበት የቴምዝ ወንዝ ክፍል ይቀዳል። ላምቤዝ የሚባለው በ1852 መቅጃውን ከከተማው በላይ ወዳለው ንጹሕ ክፍል አዛውሯል። ያው መንገድ፣ ያው አየር፣ ጎረቤታሞች፤ ልዩነቱ ቧንቧው ብቻ። ስኖው በር እያንኳኳ «ውሃችሁ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙው ተከራይ አያውቅም፤ ሂሳቡን የሚከፍለው አከራዩ ነዋ። (ሳቅ።) ይህ እኛም ጋ አለ አይደል? ስለዚህ በጠርሙስ እየቀዳ ሲልቨር ናይትሬት ጨመረበት። የታችኛው ወንዝ ውሃ ጨው አለበት፤ የላይኛውን ወደ 40 እጥፍ ያህል ይበልጣል፣ ሲልቨር ናይትሬቱም ይህን ወዲያው ያሳብቃል። ሲቆጥር በመጀመሪያው ኩባንያ ደንበኞች ከ10,000 ቤት 315 ሞት፣ በሁለተኛው 37 ሞት አገኘ።

ይህን የማወራችሁ ስኖው ያደረገውንና እኔ ዛሬ ያደረግኩትን እንድታስተያዩ ነው። እሱ ከውሃው በቀር ሌላው ሁሉ አንድ የሆነበትን ቦታ ፈልጎ አገኘ። እኔስ? አንዱን ውሃ ከሁለት ሰዓት በፊት ቀዳሁ፣ ሌላው አንድ ቀን ሙሉ በሚኒባስ ጋቢና ፀሐይ እየመታው ተጓዘ። ክሎሪን ደግሞ ይሄዳል። ብርሃን፣ ሙቀትና ጊዜ ይበሉታል። የጎንደሩ ክኒን ላይ ሮዝ ያልሆነው ጎንደር ክሎሪን ስላልጨመረች እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ወንድሜ፣ ጭብጨባህን መልሰህ ውሰድ። (ልጁ ራሱን አከከ።) ክሎሪን የሚለካው እዚያው ቧንቧው ሥር ቆሞ ነው። ጀርም ለመመርመር የሚወሰድ ናሙና ደግሞ በተቀቀለ ጠርሙስ፣ በበረዶ ሳጥን ሆኖ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። መስፈርቱ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ከዓይነ ምድር የሚመጣ ጀርም፣ አለመገኘት ነው። «የእገሌ ከተማ ውሃ ቆሻሻ ነው» የሚላችሁን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ከየት ቀዳህ፣ መቼ ቀዳህ፣ ስንት ጊዜ ቀዳህ። አንድ ጊዜ ሐምሌ የተቀዳ ውሃ ስለ ጥር ምንም አይናገርም።

ሦስተኛ ሃይላንድ ከጠረጴዛው ሥር ደብቄ ነበር፤ ይኸውና። ይህ ከእኔው ቤት ሮቶ የተቀዳ ነው፣ ዛሬ ጠዋት፣ ከቧንቧው በአምስት ደቂቃ ልዩነት። ክኒኗን ስጨምር… እዩት። ምንም። ከተማው አንድ፣ ግቢው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ። ቧንቧው ላይ የነበረው ክሎሪን ሮቶው ውስጥ ሦስት ቀን በፀሐይ ሲጋገር አልቋል። አስቀድሜ ጠርጥሬው ትናንት ወጥቼ ክዳኑን ከፈትኩት፤ ሁለት ጣት የሚያህል ደለልና አንድ ያበጠ እንሽላሊት አገኘሁ። ባለቤቴ እዚህ ተቀምጣለች፤ አሁን ነው የምትሰማው፤ ይቅርታ። (ከዚህ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ መናገር አልተቻለም።)

ዓለም አቀፉ መመሪያ ውሃው ቤት ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን ይኑረው ይላል። በረኪና በረኪና ሸተተን ብላችሁ የምታማርሩት ያ ሽታ ጠባቂው ነው። ውሃው በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቧንቧ ሙሉ ሲሆን ግፊቱ በስንጥቁ ውሃ ወደ ውጭ ያስተፋል። ባዶ ሲሆን ግን ይኸው ስንጥቅ አፍ ሆኖ በዙሪያው ያለውን ጭቃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቱቦው ያለፈው በቦይ ውስጥ ከሆነ እንግዲህ አስቡት። ውሃ መጣ ተብሎ እልል ሲባል የመጀመሪያው ባልዲ ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። እሱን ለሽንት ቤት አድርጉት። ጎንደርም ባሕር ዳርም በዚህ እኩል ናቸው።

ስለ ማፍላት አጭር ነገር። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለን ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ወደ 93 ይወርዳል። ሁለቱም ጀርም ለመግደል ይበቃሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ለሚኖር ሰው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ለሚኖር ሦስት ደቂቃ ይላል። ለእህቴ ሁለት ደቂቃ ተጨማሪ ከሰል መሆኑ ነው። ከሰሉ ካስወደደባችሁ ውሃ አጋር አለ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀድማችሁ አዝቅጡት፣ በነጠላ እጥፍ አጥሉት። ጀሪካኑንም እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በጠጠርና በሳሙና ናጡት፤ ያ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ልባስ ውስጥ ጀርሙ ቤት ሠርቶ ይኖራል።

ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ጥያቄ ካለ።

(አንዲት እናት ከፊት ተነሡ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ አወራኸን፣ ታዲያ የቱ ነው የሚሻለው?» አሉኝ።)

እማማ፣ ምንጩን ከጠየቁኝ ባሕር ዳር ትሻላለች፤ ሳትለፋ ያገኘችው ነው። ማጣሪያውን ከጠየቁኝ ጎንደር ትበልጣለች፤ ተገዳ ነው የተማረችው። የእኛ መከላከያ አንድ ክሎሪን ብቻ ስለሆነ እሱ አንድ ቀን ከተቋረጠ ከኋላው የሚያግዘው የለም፤ ይህ እኔን ያሳስበኛል። የሚጠጡትን ውሃ ከጠየቁኝ ግን እርስዎ ቤት ሳልመጣ አላውቅም።

(«መምጣት አያሻህም» አሉና ከነጠላቸው ሥር ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ሲሰሙ የቆዩት ተዘጋጅተው ኖሯል። ክኒኗን ጨመርኩ። ሮዝ ሆነ፤ ከእኔ የቧንቧ ውሃ ሳይቀር የደመቀ። እንዴት እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው። ሮቶ የላቸውም። ውሃ በመጣ ማለዳ የመጀመሪያውን ባልዲ ለአበባው ያፈሱታል፣ ቀጥሎ እንስራውን ይሞላሉ፣ ይከድኑታል፣ የሚቀዱትም እጀታው ረጅም በሆነ ጭልፋ ነው፤ ልጅ እጁን እንዳይነክርበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጧል። በዚያ ቀን የተቀዳ ውሃ በዚያው ቀን ያልቃል።)

(ስንወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። «የቀረችውን ክኒን ለእኔ ተዋት» አሉኝ። ስድስት ፍሬ ቀርቶኝ ነበር። «አይዋጥም እማማ፣ ለብርጭቆ ብቻ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። «ለእኔ አይደለም» አሉ፤ «የልጄ ቤት ሮቶ አለ።»)